የመቱ–ጎሬ መንገድ በአራት ደቂቃ

መቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲዘገይ ሰው «ዘፋኙ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። መብራት ሄዶ ሲቀር፣ ደመወዝ ቀኑን ሲያልፍ፣ ሙሽሮቹ ሜዳ ላይ ፎቶ ሲነሱ ሠርገኛው በረሃብ ሊያልቅ ሲል፣ አንዱ ይነሳና «ኧረ ጎበዝ፣ ዘፋኙ ደረሰ?» ይላል፤ የቀረው ይስቃል። ከሚስቁት ግማሾቹ አባባሉ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ልጆቹማ ከኖኅ ጀምሮ የነበረ ይመስላቸዋል። ጎሬ ላይ ሲባል ሰምቻለሁ። ቡሬ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጎማ እየፈታ ያቆየውን ጎሚስታ በዚሁ ቃል ሲያዋክበው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ሳይዝግ የቆየው እሱ ብቻ ነው። የሠራሁት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ የተከልኩት ቡና በበሽታ አለቀ፤ ይህች ቃል ግን እኔ ከሞትኩም በኋላ መቶ ዓመት ትሄዳለች። ለብዙ ጊዜ ስሰማት ደረቴ ይነፋ ነበር። አሁን አንድ ሰው ሲላት የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነብሳለሁ። ሸበጥ አድርጌም አጎነብሳለሁ።

ያኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ፣ የየቢሮው ታፔላ በቁቤ እየተጻፈ የሚሰቀልበት ጊዜ ነበር። እኔ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካሴት ቤት ነበረኝ። ቤት ስል ግነት ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ አንደኛው መተንፈስ ማቆም ነበረበት። ባለ ሁለት ካሴት ዴክ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጡ ሁለት ስፒከሮች፣ ግድግዳው ላይ የዘፋኞች ፎቶ፤ በቃ። ሥራዬ መቅዳት ነው። ደንበኛ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ «ሰብስበህ ቅዳልኝ» ይላል፤ እሰበስባለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ እኔን የሚያህል ከበዴሌ እስከ ጋምቤላ አልነበረም። ጥበቤ ያለው በአውራ ጣቴ ነው፤ ማቆሚያዋን ቁልፍ ስጫን ክሩ ራሱ አያውቅም። ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዘፈን ነው፤ ለመሣሪያ መቃኛ አይደለም። ስለዚህ ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ያለውን መግቢያ እቆርጣለሁ። በግጥሙ መሃል ሳክስፎኑ ብቻውን የሚንጎራደድበትን እቆርጣለሁ። መጨረሻ ላይ እየራቀ የሚሄደውንም እቆርጣለሁ። ሌላው ቤት በስልሳ ደቂቃ ካሴት አሥራ ሁለት ዘፈን ሲያስገባ እኔ ሃያ ሁለት አስገባ ነበር። ሰው ለዚህ ነው ከኡካ ድረስ በእግሩ የሚመጣው። «የአንተ ካሴት ሥጋ ብቻ ነው፣ አጥንት የለውም» ይሉኛል። እኔም አጥንት የሚባል ነገር ለምን እንደተፈጠረ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጡ። ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለአንድ ጀርመናዊ የውሃ ሠራተኛ ሾፌር ሆነው ለስድስት ዓመት ነድተዋል። ፈረንጁ በመቱ፣ በጎሬና በቡሬ ገጠር እየዞረ የምንጭ አፍ በሲሚንቶ የሚያሠራ ሰው ነበር። በጣም ረጅም ነው፤ ከመኪና ሲወርድ ግማሹ ወርዶ የቀረው ግማሹ ለሌላ ቀን ቀጠሮ የሚይዝ ይመስል ነበር። ሥራው አልቆ አገሩ ሲገባ ለጋሼ ሰዓቱን፣ ጃኬቱንና አንዲት ካሴት ትቶላቸው ሄደ። ሰዓቱ ቆመ፤ ጃኬቱ አለቀ። ከዚያ የጋሼ ዓይን መድከም ጀመረ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይቷል ተባሉ። መንጃ ፈቃዳቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙ ቤት ዋሉ። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያችን ካሴት ከፍተው ሲሰሙ አያቸው ነበር።

ሴት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ከደጄ አደረሰቻቸው። ካሴቷን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«የኔ ልጅ፣ ክሩ ሳስቷል። አንዳንዴ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ሳይበጠስ አንድ ቅጂ አድርግልኝ።»

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው ጋሼ?»

«ዘፈን አይደለም። መንገድ ነው።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸውን አንስተው መሪ እንደያዘ ሰው አደረጉት።

«ከመቱ ስንነሳ እሱ ይከፍተዋል። አንደኛው ፊት ሲያልቅ መንገዱ አጋማሽ ላይ ያለችው ዋርካ ሥር ነን። እሱ ወርዶ ውሃ ሽንቱን ይሸናል፣ እኔ ካሴቱን እገለብጣለሁ። ሁለተኛው ፊት ሲያልቅ ጎሬ ነን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላዛነፈም። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ጊታሩ ይመጣል። ዳገቱን ስትጀምር እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ነገር ከሥር ይነሳል። አሁን ዓይኔ እምቢ ብሎኛል። እሱን ስከፍት ግን እነዳለሁ።» ከዚያ እጃቸውን አወረዱና «አደራ፣ ምንም እንዳይቀርብኝ» አሉ።

አደራ አሉ። እኔም «ምን ሊቀር ጋሼ! መንገዱን ከነአቧራው ነው የምቀዳልዎት» አልኳቸው። አፌ ያኔም እንዲህ ነበር።

ካሴቷን ከተትኩና አዳመጥኩ። መጀመሪያ ነፋስ የሚመስል ነገር አለ። ከዚያ ከበሮ። ከበሮው አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዘፋኙን ጠበቅሁ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ተከራክሮ ሄደ፤ ከበሮው ያው ነው። ሻይ አዝዤ መጥቶ ቀዘቀዘ፤ ከበሮው ያው ነው። ጺሜ አድጎ እንደሆነ ዳሰስኩ። በመጨረሻ ከሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚመስል ድምፅ ሁለት ቃል አጉተመተመና ተመልሶ ጠፋ፤ ቆይቶ ደግሞ እንዲሁ ብቅ ብሎ ጠፋ። ሁለቱም ፊት እንዲህ ነው።

እኔ ደግሞ ጌታ ነኝ በሥራዬ። አዘንኩላቸው፤ ሽማግሌው ለሁለት ቃል ብለው ሃያ ደቂቃ ሲጠብቁ! ስለዚህ አጥንቱን አወጣሁላቸው። ሰውዬው የሚያጉተመትምባቸውን ቦታዎች ብቻ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ቀጠልኳቸው፤ አራት ደቂቃ ሞላ። የተረፈውን ክር ባዶ መመለስ ነውር ስለሆነ በምርቃት መልክ የአገራችንን የሠርግ ዘፈን ሞላሁበት። እንደዚያ ዓይነት ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብዬ አፏጨሁ።

ይህ እንኳ ካለማወቅ ነው ልበል። ቀጥሎ የመጣው ግን ካለማወቅ አይደለም።

ወሩ ጥር ነበር። ሠርግ በሠርግ ላይ ሆነና ከተማው ውስጥ ባዶ ካሴት አለቀ። አንድ የቡና ነጋዴ ለልጁ ሠርግ የሚሆን ካሴት ለማግስቱ አዞኛል፤ ጉርሻው ጥሩ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ባዶ የምትመስለኝ የጋሼ ካሴት ብቻ ናት። የፈረንጅ ካሴት ስለሆነች ክሯ ወፍራም፣ ድምፅ የምትይዝ። ከኋላ ያሉት ጥርሶቿ ተሰብረዋል፤ ጥርሷ የተሰበረ ካሴት ማለት ባለቤቷ «እንዳይቀዳብኝ» ብሎ የዘጋት ማለት ነው። ወረቀት ጠቅልዬ ቀዳዳዎቹን ደፈንኩና ቀዳሁባት። መሸፈኛ ካርዷን አውጥቼ ጀርባው ላይ የዘፈኖቹን ዝርዝር ለራሴ ማስታወሻ ጻፍኩ። የፈረንጁ ነፋስም፣ ከበሮውም፣ ንቦቹም በአንድ ሰዓት ውስጥ «ሙሽራዬ» በሚል ዘፈን ሥር ተቀበሩ።

ጋሼ ሲመጡ ቅጂውን ሰጠኋቸውና «ኦሪጅናሏን ዴኬ በላት» አልኳቸው። «ክሯ ተጠምጥሞ ተቆራረጠ። ይህንን ያተረፍኩት እንኳ ከጅብ አፍ ነው። እጄን እስኪቆርጠኝ ድረስ ታግያለሁ።» ጣቴ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ነበር። ማየት ለማይችል ሰው ፕላስተር ለጥፌ ጠበቅኋቸው! ዳሰሱት። «ውይ፣ የኔ ልጅ» አሉ። በማግስቱ በልጃቸው እጅ አንድ ቅል ነጭ ማር ላኩልኝ።

በላሁት።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ብቻዋን መጣች።

«አባዬ ድልድዩ የት ሄደ ይልሃል።»

«የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ከመቱ ተነስተን በአራት ደቂቃ ጎሬ ደረስን፣ ከዚያ እስክስታ ጀመርን ይላል። ሌላ ያተረፍከው የለም ወይ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «በይው፣ መንገዱ ተጠግኗል» አልኳት። እሷ አልሳቀችም፤ እኔ ግን የከሰዓቱን ቁምነገሬን አገኘሁ። ሥጋ ቤት ገብቼ ጠረጴዛ መምታት ጀመርኩ። ድም፣ ድም፣ ድም። ሰው ዞር ብሎ አየኝ። መታሁ። «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። «ዝም በሉ፣ የጋሼን ሙዚቃ እየተጫወትኩ ነው፤ ዘፋኙን እየጠበቅሁ ነው» አልኩ። ሥጋ ቆራጩ ቢላውን አስቀመጠ። መታሁ፣ መታሁ፤ ከዚያ አንገቴን ወደ ውስጥ ስቤ ሁለት ቃል አጉተመተምኩ። ቤቱ ፈረሰ በሳቅ። «ምን መሰላችሁ፣ ዘፋኙ ከጀርመን በእግሩ ነው የተነሳው፤ ጋሼ በረንዳ ላይ ሆነው ይጠብቁታል፤ ሰውዬው ግን ቡሬ ኬላ ላይ ተይዟል» አልኩ። ለዚያች ሳምንት የትም ስገባ «በል አጫውተን» ሆነ። አጫወትኩ። ዓይናቸውን እንዴት እንደሚጨፍኑ፣ እጃቸው አየር ላይ እንዴት መሪ እንደሚይዝ ጨመርኩበት። እጃቸውን መጨመሬን ነው እስከ ዛሬ ድረስ ሳስታውስ አንገቴ ሥር የሚያቃጥለኝ።

ከዚያ ከተማው ቃሉን ተቀበለና ለባለቤቱ አደረሰ። በበረንዳቸው የሚያልፍ ሁሉ «አካም ኦልተን ጋሼ! ዘፋኙ ደረሰ?» ይላቸው ጀመር። መጀመሪያ በቅን ልቦና «የቱ ዘፋኝ?» ብለው ይጠይቁ ነበር አሉ። ቆይቶ ገባቸው። በረንዳው ላይ መቀመጥ ተዉ። ከጊዜ በኋላ ልጅቱን ገበያ ላይ አገኘኋት።

«አባዬ ቴፑን ለሰው ሰጠው» አለችኝ። «መንገዱ ተዘግቷል ይላል።»

«አይዞሽ፣ መንገድ ሠራተኞች መጥተው ይከፍቱታል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጎመኗን አንስታ ሄደች። እኔም የተናገርኳትን ወስጄ ሥጋ ቤት ደገምኳት።

ዓመታት ሄዱ። ካሴት ሞተ፤ ሲዲ መጣ፣ ሞተ፤ ፍላሽ መጣ። እኔ አልሞትኩም፤ የስልክ ሚሞሪ የምሞላ፣ ሽፋን የምሸጥ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ ማይክ ይዤ ሰው የማስቅ ሰው ሆንኩ። ፀጉሬ ሸሸ፤ ሆዴ ቀደመኝ። ጎሬ ድረስ አስፋልት ገባ። ባለፈው ክረምት የድሮ ሣጥኖቼን ሳጸዳ አንዲት ካርድ ከመሃል ወደቀች። ጀርባዋ ላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ የሠርግ ዘፈኖች ዝርዝር፤ ገለበጥኳት፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ስም።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ያለኝ ለቀልዱ ነው። በሳምንቱ የማጫውተው ሠርግ ነበር፤ ዋናውን ሙዚቃ ከኢንተርኔት አውጥቼ በስፒከር ባሰማቸው ሰው በሳቅ ይሞታል ብዬ አሰብኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስልኬ ላይ ጻፍኳቸው። መጣ። ከነሁለት ፊቱ፣ ምንም ሳይጎድል።

ዝናብ ነበር፤ የመቱ ዝናብ ደግሞ ከጀመረ ማቆሚያውን ይረሳል። መብራት የለም፣ ደንበኛ የለም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ ለሳቅ ተመቻቸሁ። ያው ነፋስ መጣ። ከዚያ ቤዝ ጊታሩ፤ አራት ድምፅ፣ ተመልሶ እነዚያኑ አራት። ከበሮው ተከተለ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ለሠርጉ የምናገረውን እያሰብኩ ነበር። ስድስተኛው ላይ ረሳሁት። ሰውዬው ከበሮውን የሚመታው ሊያስጨፍር አይደለም፤ ሩቅ ለመሄድ የተነሳ ሰው እርምጃ ነው፣ አይቸኩልም፣ አያርፍም። ጊታሩ ብቅ አለ፤ ወደ ኋላ የሚጠነጠን ክር ዓይነት ድምፅ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በእስክሪብቶ ካሴት ስጠነጥን ያረጀሁ ሰው ነኝ። እነሱ ግን ዜማ አድርገውታል። ከሥር ኦርጋኑ እንደ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። የጣሪያዬ ዝናብ ገባበት፤ የትኛው የእነሱ የትኛው የኢሉባቦር እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከበሮው ያው ነው። ያው ነው። እየተለወጥኩ ያለሁት እኔ ነኝ። ትከሻዬ ወረደ። ጥርሴን ነክሼ እኖር እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ፣ ሲላቀቅ ነው። ፊቱ አልቆ ዝም ሲል፣ ያ የሚያጉተመትመው ሰው መጥቶ እንደሄደ ትዝ አለኝ። አላስተዋልኩትም። ስጠብቀው አልነበረማ።

ለካ ማንም አልዘገየም ነበር። ለካ ባዶ ብዬ የቆረጥኩት ድልድዩን ነው፣ ዳገቱን ነው፣ የዋርካዋን ጥላ ነው። አንድ ዓይነ ስውር ሰው የሚሄድበት አንድ መንገድ ነበረው፤ እሱን ወስጄ አራት ደቂቃ አደረግሁት፤ ከዚያም ስላጠረበት ሳቅሁበት። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ቢሆንም ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ሦስት ቀን በደጃቸው እያለፍኩ ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፤ እሷም ሸብታለች።

«ምነው፣ ቀልድ አለቀብህ?» አለችኝ።

«ያችን ሙዚቃ አግኝቻታለሁ። ሙሉዋን።»

በሩን እንደያዘች ቆመች። «ቀልዱን ያወጣኸው አንተ እንደሆንክ አልነገርኩትም» አለች ቀስ ብላ። «ካሴቴን ከጅብ አፍ ያወጣልኝ ልጅ እያለ ሲያመሰግንህ ነው የኖረው። እኔ ደግሞ ያንን ደስታውን ልወስድበት አልፈለግሁም። አሁንም የምትነግረውን አንተ ታውቃለህ።»

ይህንን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ሙዚቃውን አስረክቤ፣ ተመርቄ፣ ምናልባትም ሁለተኛ ቅል ማር ተሸክሜ መውጣት እችላለሁ። ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ድምፄን ገና ሲሰሙ «ናልኝ፣ ባለ ፕላስተሩ!» አሉ። እጄን ይዘው ጣቴን ዳሰሱ። «ዳነልህ?»

«ጋሼ፣ ጎሬ ልውሰድዎት» አልኩ።

አሮጌ ፒካፕ አለኝ። ከጎኔ አስቀመጥኳቸውና ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁት። ነፋሱ ሲጀምር ጋሼ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከበሮው ሲገባ እጃቸው ተነሳ፤ ማርሽ አስገቡ፣ መሪውን ያዙ። እውነተኛውን መሪ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የሚነዱት ግን እሳቸው ናቸው።

«ሱታ» አሉኝ። «ሱታ፣ ቀስ በል። ምን ያስቸኩልሃል?»

ችግሩ አስፋልቱ ነው። የድሮው መንገድ ጉድጓድና ጭቃ ነበረው፤ ሙዚቃው ያንን አካሄድ ያውቃል። አሁን መንገዱ ሸርተት ነው። ድልድዩን ያለፍነው ጊታሩ ሳይመጣ ነው። ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ከኋላዬ ያሉት ሚኒባሶች ጡሩምባ ነፉብኝ። የባሰ ቀነስኩ። አንድ አህያ ቀደመን ብል ግማሹ እውነት ነው። ዋርካዋ አስፋልቱ ሲገባ ተቆርጣለች፤ ቦታዋን ሳልነግራቸው አለፍኩ። እንዲያም ሆኖ አንደኛው ፊት ሲያልቅ ከአጋማሹ አልፈን ወደ ጎሬ ተጠግተን ነበር።

«ቁም» አሉ። «ዋርካዋ ጋ ደረስን።»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ፤ ሙዚቃውን አቆምኩ።

«በል ውረድ እንጂ» አሉኝ። «እሱ ይወርድ ነበር።»

ወረድኩ። ሽንቴ አልመጣም፤ ቢሆንም ፊቴን ወደ ቡናው አዙሬ ተገቢውን ያህል ቆምኩ። ስመለስ «ገልብጠው» አሉ። ስልክ አይገለበጥም። እጄን ስልኩ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ከመገልበጤ በፊት አንድ ነገር አለ። ካሴትዎን ዴክ አልበላውም። ባዶ መስሎኝ መሃሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዋናዋ ላይ ደግሞ የሠርግ ዘፈን ቀዳሁባት። ጣቴም አልቆሰለም።» «ዘፋኙ ደረሰ የሚለውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሥጋ ቤት። እጅዎን እያስመሰልኩ።»

እጃቸው አሁንም አየር ላይ፣ መሪው ላይ ነበር። አወረዱትና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ማሩን በላኸው?» አሉ።

«በላሁት ጋሼ።»

«ሁሉንም?»

«ቅሉን ሳይቀር አጥቤ ጠጣሁ።»

«ጥሩ ማር ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ገልብጠው፤ እስኪያልቅ ድረስ ጨሊሲ» አሉኝ። ዝም በል ማለታቸው ነው። እኔ በሕይወቴ ለሃያ ደቂቃ ዝም ብዬ አላውቅም፤ በቅዳሴም፣ በለቅሶም፣ በእንቅልፌም። የዚያን ዕለት ዝም አልኩ። በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ዳገቱን ወጣን። ንቦቹ ሲነሱ ቀኝ እግራቸው ነዳጅ ጨመረ። ዓይናቸው ክፍት ነበር፤ እንባ ይሁን በሽታው አላውቅም፣ ልጠይቅም አልደፈርኩም።

ሲያልቅ ሞተር አጠፉ። አየር ላይ ቁልፍ ሲያዞሩ አየኋቸው።

«ስንመለስ በገበያው ውስጥ አድርገህ ሂድ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምረው። መስኮቱን ክፈት። ድምፁን እስከ ጥግ አድርገው። የሚጠይቅህ ሰው ካለ መልስለት።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የመቱ ገበያ ቅዳሜ መርፌ አያስወድቅም። ከበሮው ከፒካፑ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞረ። ሥጋ ቆራጩ፣ ያ የድሮው፣ ቀድሞ ደረሰ፤ ክርኑን መስኮቴ ላይ አሳረፈ።

«አንተ ጉደኛ! ዛሬም? ዘፋኙ ደረሰ?»

ዙሪያችን ያለው ሳቀ። ምላሴ ላይ አሥር መልስ ተሰለፈ፤ አሥሩም የሚያስቅ። ጋሼ ከጎኔ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠዋል።

«የሚመጣ ዘፋኝ የለም» አልኩ። «ሙዚቃው እንዲሁ ነው። የጋሼን ካሴት ቆርጬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዋሽቻቸው ማራቸውን በላሁ። ከዚያ እሳቸውን መሳቂያ አደረግኋቸው።»

ቆራጩ አየኝ። ከዚያ ሆዱን ይዞ በሳቅ ፈረሰ። «ማራቸውን በላሁ! ወይ አንተ! ስሙት፣ ስሙት ይሄን!» ሰው ሁሉ ተቀበለው፤ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እንባዋን ጠረገች። ሠላሳ ዓመት ሳስቃቸው የኖርኩ ሰዎች ናቸው፤ የእኔ አፍ ሲከፈት ለመሳቅ ነው የሚያውቁት። ጆሮዬ ሥር ጋለ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልሰሙህም» አሉኝ። «ድገመው። ሱታ።»

እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። መኪናው ከእግረኛ ባነሰ ፍጥነት ተሳበ። ከበሮው ያው ነው፤ ጊታሩ ገና አልመጣም፤ ገበያው እስከ መናኸሪያው ድረስ ረጅም ነው። አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ደገምኩት።